የግሪክን ደሴቶችና ጥንታዊ ከተሞች ለመጎብኘት፦ ከዕቅዱ እስከ መመለሻው ቀን

ወደ ግሪክ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ዕቅዱን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከፎቶግራፍ ነው። በገደል አፋፍ ላይ የተደረደሩ ነጫጭ ቤቶችንና ሰማያዊ ጉልላቶችን ያያል፣ በማግስቱ የሌላ ደሴት ፎቶ ይደርሰዋል፣ በመጨረሻም በሰባት ቀን ውስጥ አቴንስንና አራት ደሴቶችን ለማዳረስ ይነሣል። እንዲህ ያለው ዕቅድ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ባሕር ላይ ሲደርስ ግን ይፈርሳል፤ ምክንያቱም በግሪክ የተጓዡን ቀን የሚወስኑት ነፋሱ፣ የመርከቡ የጉዞ ሰሌዳና የቀትሩ ፀሐይ ናቸው። ስለዚህ ጉዞውን ከእነዚህ ተነሥተው፣ ጥቂት ቦታዎችን መርጠው፣ በየቦታው ረዘም ብለው ለመቆየት እንዲያቅዱ አጥብቄ እመክራለሁ። በዚህ መመሪያ የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው፤ በጋና ክረምት ስልም የግሪክን ማለቴ ነው፤ ሰዓቶቹን ግን በእኛ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

አንደኛ፦ ወቅቱን ይወስኑ

ለደሴቶቹም ለፍርስራሾቹም የሚስማሙት ወራት ሜይ፣ የጁን መጀመሪያ፣ እንዲሁም ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ያለው ጊዜ ናቸው። በሜይ መስኩ ገና አረንጓዴ ሲሆን ባሕሩ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ በሴፕቴምበር ምድሩ ደርቆ ባሕሩ ይሞቃል። ዋናው ፍላጎትዎ መዋኘት ከሆነ ሴፕቴምበርን፣ ተራራና ፍርስራሽ መውጣት ከሆነ ሜይን ይምረጡ።

ጁላይና ኦገስት ሙቀቱ የሚበረታበት፣ ዋጋው የሚንርበት፣ መንገዱም የሚጨናነቅበት ጊዜ ነው። ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ በአቴንስ ኮረብታ ላይ ያለውን ጥንታዊ ስፍራ፣ አክሮፖሊስን፣ የመሳሰሉ ቦታዎች በቀትር ለሰዓታት የሚዘጉባቸው ቀናት አሉ። በተለይ ኦገስት 15 ግሪኮች የእመቤታችንን የዕረፍት በዓል የሚያከብሩበት ቀን በመሆኑ መርከቡም ማረፊያውም አስቀድሞ ይሞላል። በቲኖስ ደሴት በዚያ ቀን ምእመናን ከወደቡ ተነሥተው በ1823 የተገኘችው ሥዕል ወዳለችበት ቤተ ክርስቲያን ሽቅብ በጉልበታቸው እየዳኹ ይወጣሉ፤ ይህን ማየት የሚፈልግ ሰው ማረፊያውን ከወራት በፊት ሊይዝ ይገባል።

ከኖቬምበር እስከ ማርች በትንንሾቹ ደሴቶች አብዛኛው ሆቴልና ምግብ ቤት ዝግ ነው። አቴንስ፣ ተሰሎንቄና ቀርጤስ ግን ዓመቱን ሙሉ ሕያው ናቸው፤ በክረምት ሕዝብ ሳይጋፋዎት ሙዚየም መጎብኘት ይቻላል። የግሪክ ኦርቶዶክስ ፋሲካ ከእኛ ፋሲካ ጋር በአንድ ቀን የሚውል መሆኑንም ልብ ይበሉ። የስቅለት ዕለት ማታ በየሰፈሩ በአበባ ያጌጠው የጌታ መቃብር ምሳሌ በሰልፍ ሲዞር ማየት እጅግ ልብ የሚነካ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሳምንት ግሪኮች ሁሉ ወደ ትውልድ ቀያቸው ስለሚጓዙ የመርከብ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

ሁለተኛ፦ ጥቂት ቦታዎችን ይምረጡ

ግሪክ ሰው የሚኖርባቸው ከ200 በላይ ደሴቶች አሏት፤ እነሱም በምድብ በምድብ የተከፈሉ ናቸው። ናክሶስ፣ ፓሮስ፣ ሚኮኖስና ሳንቶሪኒ ከሲክላዲስ ምድብ ናቸው። ሮድስ፣ ቆስና ፍጥሞ ወደ ቱርክ ጠረፍ ተጠግተው በዶዴካኒስ ውስጥ ይገኛሉ። ኮርፉ በምዕራብ በኩል ባለው ሌላ ባሕር ላይ ያለች ስትሆን ከአቴንሱ ወደብ ከፒሬዎስ አይደረስባትም። መርከቦቹ በአብዛኛው በአንድ ምድብ ውስጥ ስለሚመላለሱ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው መዝለል ብዙ ጊዜ ወደ አቴንስ መመለስን ይጠይቃል፤ ስለዚህ በአንድ ጉዞ ከአንድ ምድብ አይውጡ።

ለአሥር ቀን ጉዞ ሚዛኑን የጠበቀ ሆኖ ያገኘሁት የሚከተለው ነው፦ ሦስት ሌሊት አቴንስ፣ ሦስት ሌሊት ናክሶስ፣ ሁለት ሌሊት ሳንቶሪኒ፣ የመጨረሻዋ አንድ ሌሊት እንደገና አቴንስ። ደሴት ያላማራቸውና ታሪክ ብቻ የሚፈልጉ ሰዎች በናክሶስና በሳንቶሪኒ ፋንታ ናፍፕሊዮንና ዴልፊን ሊተኩ ይችላሉ። የሐዋርያው ጳውሎስን ዱካ ለመከተል የሚመጣ ምእመን ደግሞ አቴንስን፣ ቆሮንቶስን፣ ተሰሎንቄንና ፊልጵስዩስን ይዞ ጊዜ ከተረፈው ፍጥሞን ቢጨምር ይበቃዋል።

ሦስተኛ፦ ቪዛውንና ሰነዱን ያሰናዱ

ግሪክ በአንድ የጋራ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ የሆነው የሼንገን አባል ናት። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የአጭር ጊዜ የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ይህ ቪዛ በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ ቢበዛ እስከ 90 ቀን መቆየትን ይፈቅዳል። ማመልከቻው የሚቀርበው በሕጋዊነት በሚኖሩበት አገር ላለው የግሪክ ኤምባሲ ወይም ኤምባሲው ለወከለው የቪዛ ማመልከቻ ማዕከል ሲሆን፣ ከጉዞው ቀን ከስድስት ወር በፊት ቀደም ብሎ፣ ከ15 ቀን ባነሰ ጊዜም ዘግይቶ ማቅረብ አይቻልም። ውሳኔው በመደበኛው በ15 ቀን ውስጥ የሚሰጥ ቢሆንም እስከ 45 ቀን ሊራዘም ስለሚችል፣ ሁለት ወር አስቀድሞ ማመልከት ከጭንቀት ያድናል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው።

ፓስፖርቱ ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ የተሰጠ፣ ከሼንገን አካባቢ ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽም ያለው መሆን አለበት። የጉዞ መድን ዋስትናው ከ30,000 ዩሮ እንዳያንስ ያረጋግጡ። ከግሪክ ሌላ የሼንገን አገር የሚጨምሩ ከሆነ የሚያመለክቱት ብዙ ሌሊት ለሚያድሩበት አገር ኤምባሲ ነው።

በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ፓስፖርት ለሚጓዙ ወገኖች እስከ 90 ቀን ለሚደርስ ጉብኝት ቪዛ አያስፈልግም። ጀርመን፣ ስዊድን ወይም ጣልያን የመሳሰሉ የሼንገን አገሮች የሰጡት የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰውም ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ይዞ መግባት ይችላል። በሪያድ፣ በዱባይ ወይም በለንደን የሚኖር የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ግን ማመልከት ይኖርበታል፤ የመኖሪያ ፈቃዱም ከጉዞው በኋላ ወደዚያው አገር ለመመለስ የሚያስችል ዕድሜ የቀረው መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎችን ልጨምር። የመጀመሪያው የስም ጉዳይ ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ሆኖ የሚሄድ በመሆኑ የቤተሰብ ስም በሚለው ሣጥን ውስጥ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላል። በቪዛው ቅጽ፣ በአውሮፕላኑና በመርከቡ ቲኬት፣ በሆቴሉም ላይ በፓስፖርቱ እንደተጻፈው አንድ ዓይነት አድርገው ይሙሉ፤ የአንድ ፊደል ልዩነትም ቢሆን አስቀድመው ያስተካክሉ። ሁለተኛው የመግቢያ ብዛት ነው። ከሮድስ ወይም ከቆስ ወደ ቱርክ ጠረፍ የአንድ ቀን ጉዞ የሚያደርጉ ጀልባዎች አሉ፤ ቪዛዎ የአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ወደ ቱርክ በተሻገሩ ጊዜ ከሼንገን ወጥተዋል፤ ወደ ደሴቲቱ መመለስም አይችሉም።

አራተኛ፦ መርከቡን ከነፋሱ ጋር አስማምተው ይያዙ

በኤጂያን ባሕር ላይ በበጋ፣ በተለይም በጁላይና በኦገስት፣ ከሰሜን የሚነፍስ ሜልቴሚ የሚባል ነፋስ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ እያበራ፣ ባሕሩ ግን ይናወጣል። ነፋሱ ቦፎርት በሚባለው የነፋስ ኃይል መለኪያ ስምንት ሲደርስ የወደቡ ባለሥልጣናት መርከቦች እንዳይነሡ ያግዳሉ፤ ትንንሾቹና ፈጣኖቹ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ነፋስ ይቆማሉ።

እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ይህን አላወቅሁም ነበር። ከናክሶስ የምመለስበት መርከብ ፒሬዎስ የሚደርሰው አውሮፕላኔ ከመነሣቱ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ነበር፤ ያም ከበቂ በላይ መስሎኝ ነበር። በዋዜማው ሌሊት መስኮቱ ሲንኳኳ አደረ፤ ጠዋት ወደብ ስደርስ የቲኬት መሸጫው መስታወት ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። አንዲት ሻንጣቸው ላይ የተቀመጡ ግሪካዊት እናት ግራ መጋባቴን አይተው «አፓጎሬፍቲኮ» አሉኝና እጃቸውን ወደ ባሕሩ ዘረጉ፤ የጉዞ እገዳ ማለት ነው። መርከቡ የተነሣው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሲሆን አውሮፕላኑ ግን ያለ እኔ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ የማልጥሰው ሕግ አለኝ፤ ወደ አገር የሚመልሰኝ በረራ ከመድረሱ በፊት ያለውን የመጨረሻ ሌሊት የማድረው አቴንስ ነው። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። መርከቡ በአየር ጠባይ ቢሰረዝ የቲኬቱን ገንዘብ የማስመለስ ወይም በሌላ መርከብ የመጓዝ መብት አለዎት፤ ያመለጠውን በረራ ግን የሚከፍልዎት የለም።

ከፒሬዎስ ወደ ሳንቶሪኒ ትልቁ መደበኛ መርከብ በየደሴቱ እየቆመ ስምንት ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ፈጣኑ አምስት ሰዓት ገደማ። ፈጣኑ ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ከመሆኑም በላይ ተሳፋሪው በአብዛኛው በወንበሩ ተወስኖ የሚቀመጥበት ነው፤ ማዕበል ሲኖርም ይበልጥ ይንገላታል። ትልቁ መርከብ ግን ሰፊ ሰገነት ስላለው ደሴቶቹ አንድ በአንድ ከባሕሩ ብቅ ሲሉ እያዩ ይጓዛሉ፤ ባሕር ለማያውቅና ማቅለሽለሽን ለሚፈራ ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው።

በመርከቡ ሰሌዳ ላይ 07:25 ተብሎ የተጻፈው በእኛ 1 ሰዓት ከ25 ነው፤ ይህን መደባለቅ መርከብ ያስመልጣል። በበጋ የግሪክ ሰዓት ከአዲስ አበባ ሰዓት ጋር እኩል ሲሆን በክረምት በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። የፒሬዎስ ወደብ ሰፊ በመሆኑ በሮቹ «ኢ» (E) በሚለው ፊደልና በቁጥር ይለያሉ፤ ወደ ሲክላዲስ የሚሄዱት በአብዛኛው በሜትሮ ጣቢያው ትይዩ ካለው ከኢ7፣ ወደ ሮድስና ወደ ፍጥሞ የሚሄዱት ራቅ ብሎ ካለው ከኢ1 ይነሣሉ። ቲኬትዎ ላይ የተጻፈውን የበር ቁጥር አይተው አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ወደ ሚኮኖስ፣ ወደ ቲኖስና ወደ አንድሮስ ለሚሄድ ሰው ለአውሮፕላን ማረፊያው የሚቀርበው የራፊና ወደብ ይሻላል።

አምስተኛ፦ አቴንስን በጠዋትና በማታ ይጎብኙ

ከአውሮፕላን ማረፊያው ሰማያዊው የሜትሮ መስመር በቀጥታ በመሀል ከተማ ወዳሉት ወደ ሲንታግማና ወደ ሞናስቲራኪ፣ ከ2022 ወዲህም እስከ ፒሬዎስ ይዘልቃል። የአውሮፕላን ማረፊያው ቲኬት 9 ዩሮ ነው፤ በከተማው ውስጥ ለ90 ደቂቃ የሚያገለግለው የ1 ዩሮ ከ20 ሳንቲም ቲኬት ለአውሮፕላን ማረፊያው አይሠራም። በባቡሩ ውስጥ ኪስ አውላቂ አይጠፋም፤ ቦርሳዎን ከፊትዎ ያድርጉ።

የአክሮፖሊስን ቲኬት ከመጓዝዎ በፊት በግሪክ የባህል ሚኒስቴር ይፋዊ ድረ ገጽ ይግዙ። ዋጋው ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 30 ዩሮ ሲሆን የመግቢያ ሰዓት መርጠው ነው የሚገዙት፤ በቀን የሚገባው ሰው ብዛት 20,000 ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። የመጀመሪያውን፣ ማለትም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ያለውን፣ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ያለውን ይምረጡ። ከዋናው የምዕራብ በር ይልቅ አክሮፖሊ ከሚባለው የሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ያለው የደቡብ ምሥራቁ በር ሰልፉ ቀለል ይላል፤ በዚያ በኩል ሲገቡ በዲዮኒሶስ ቲያትር አልፈው ነው የሚወጡት።

ላይ የሚያዩት ፓርተኖን የተባለው መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 ተጀምሮ በ432 የተጠናቀቀ ነው። ዛሬ ጣሪያ አልባ ሆኖ የቆመው በዘመን ብዛት ብቻ አይደለም፤ በ1687 ኦቶማኖች ባሩድ ያከማቹበት ስለነበር የቬኒስ ጦር በመድፍ ሲመታው ፈነዳ። የወለሉ እብነ በረድ በሚሊዮኖች እግር ተወልውሎ እንደ መስታወት ያንሸራትታል፤ ታኮ ጫማ በጥንታዊ ቦታዎች የተከለከለ ነው፣ ለስላሳ ሶልም አደገኛ ነው፣ የላስቲክ ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ። ከዚያ ወርደው በ2009 የተከፈተውን የአክሮፖሊስ ሙዚየም ይጎብኙ። በአክሮፖሊስ ላይ እንደ ዓምድ ጣሪያ ተሸክመው ከነበሩት ስድስት የድንጋይ ደናግል አምስቱ እዚያ ቆመዋል፤ ስድስተኛዋ ለንደን በብሪታኒያ ሙዚየም ውስጥ ስለሆነች ቦታዋ ባዶ ተትቷል። ያ ባዶ ቦታ ቅርስ የተወሰደበት ሕዝብ የሚሰማውን ነገር በቃል ከሚነገረው ይበልጥ ይናገራል፤ ከመቅደላ የተወሰደብንን የሚያስታውስ ሰው ዝም ብሎ አያልፈውም።

ከምዕራቡ በር አጠገብ ያለው ጎርበጥባጣ ዐለት አርዮስፋጎስ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ «ለማይታወቅ አምላክ» ስለሚለው መሠዊያ ለአቴና ሰዎች የተናገረበት ነው። ክፍያ የለውም። ከዐለቱ ሥር ንግግሩ በግሪክኛ የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ አለ። የጥንቱ ደረጃ ስለሚያንሸራትት በብረት መሰላሉ ይውጡ፤ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ከተማው ሁሉ ከእግርዎ በታች ይዘረጋል።

በሁለተኛው ቀን አጎራ የሚባለውን ጥንታዊ የገበያ አደባባይና በደንብ ከተጠበቁት የግሪክ ቤተ መቅደሶች አንዱ የሆነውን የሄፋይስቶስን መቅደስ፣ ቀጥሎም ብሔራዊውን የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ይጎብኙ፤ ማክሰኞ ጠዋት ሙዚየሙ ዝግ ስለሆነ ያንን ይዝለሉ። ሩጫ ለሚወድ ኢትዮጵያዊ ግን አንድ ተጨማሪ ቦታ አለ። በ1896 የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ የተካሄደበት፣ ሙሉ በሙሉ ከነጭ እብነ በረድ የተሠራው የፓናቴናይኮ ስታዲየም ከሲንታግማ በእግር ይደረሳል፤ በመሮጫው ላይ መሮጥም ይቻላል። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 በ10,000 ሜትር፣ መሠረት ደፋር በ5,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቁበት ግን ሌላው፣ በማሩሲ ያለው የኦሎምፒክ ስታዲየም ነው፤ በአረንጓዴው የሜትሮ መስመር ኢሪኒ ጣቢያ ይወርዳሉ።

ስድስተኛ፦ ከአቴንስ ወጣ ብለው የሚያድሩባቸው ከተሞች

ቆሮንቶስ ከአቴንስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገድ ላይ በ1893 የተከፈተውን፣ ከስድስት ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጠውን የቆሮንቶስን የውኃ ቦይ ከድልድዩ ላይ ቆመው ይመለከቱታል። ፍርስራሹ ያለው በዘመናዊው ከተማ ሳይሆን ጥንታዊት ቆሮንቶስ በሚባለው መንደር ነው፤ በአደባባዩ መካከል ጳውሎስ በገዢው በጋልዮስ ፊት የቀረበበት የፍርድ ወንበር መድረክ ይታያል።

ናፍፕሊዮ ከአቴንስ በአውቶቡስ ከሁለት ሰዓት ትንሽ በላይ ያስኬዳል፤ አቴንስ ከመሾሟ በፊት የአዲሲቱ ግሪክ ዋና ከተማ ነበረች። ይህችን ከተማ ብዙ ጎብኚ በአንድ ቀን ደርሶ ይመለስባታል፤ እኔ ግን ሁለት ሌሊት እንዲያድሩባት እመክራለሁ። ምክንያቱም በአንበሳ በሯ የታወቀችው ሚኬኔና የኤፒዳውሮስ ቲያትር ሁለቱም ከዚያ ቅርብ ናቸው። በኤፒዳውሮስ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ወጥተው ይቀመጡና አብሮዎት የሄደው ሰው በመድረኩ መካከል ቆሞ ወረቀት እንዲቀድ ይጠይቁት፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ሕንፃ ድምፁን ያመጣልዎታል።

ዴልፊ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የጥንት ግሪኮች የምድር እምብርት ይሉት ነበር። ሌሊቱን እዚያው አድረው በጠዋት ቢወጡ ከአቴንስ የሚመጡት አውቶቡሶች ሳይደርሱ የአፖሎን መቅደስ በጸጥታ ያዩታል። ተሰሎንቄ ግን ሩቅ ስለሆነች በአውሮፕላን መሄድ ይሻላል፤ የቅዱስ ዲሜጥሮስ ቤተ ክርስቲያንና በአራተኛው መቶ ዘመን መባቻ የተሠራው ክቡ ሮቶንዳ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፤ በኖቬምበር 2024 የተከፈተ ሜትሮም አላት።

ሰባተኛ፦ በደሴቶቹ ላይ

ናክሶስ ሲደርሱ ገና መርከቡ ላይ ሳሉ የሚያዩት በኮረብታ ላይ ብቻውን የቆመ የእብነ በረድ በር ነው። ፖርታራ ይባላል፤ በስድስተኛው መቶ ዘመን ቅድመ ክርስቶስ ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ ቤተ መቅደስ በር ነው። ከወደቡ በእግር ይደረሳል፣ ክፍያ የለውም። ደሴቲቱ ሰፊ፣ እርሻ ያላት፣ በድንቿና በአይቧ የታወቀች በመሆኗ ምግቡ ከሳንቶሪኒ ይረክሳል፤ ከልጆች ጋር ለሚጓዝ ቤተሰብም አሸዋማው ዳርቻዋ የሚስማማ ነው። አንዱን ቀን ለተራራ መንደሮች ይስጡ፤ በሰሜን አፖሎናስ በሚባለው መንደር አጠገብ ከአሥር ሜትር በላይ የሚረዝም ያላለቀ የድንጋይ ሐውልት በተፈለፈለበት ቦታ ጋደም ብሎ ይገኛል። ላሊበላን ያየ ሰው ከዐለት ላይ የመፈልፈልን ድካም ያውቀዋልና እዚያ ቆም ማለቱ አይቀርም።

ሳንቶሪኒ በእሳተ ገሞራ የተቀደደች ደሴት ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ በፈነዳ ጊዜ የአክሮቲሪን ከተማ በዐመድ ቀበራት፤ ዛሬ ከጣሪያ በታች ሆነው ባለ ፎቅ ቤቶቿን፣ መንገዶቿንና ማሰሮዎቿን ያያሉ። በአክሮቲሪ የሰው አፅም አልተገኘም፤ ነዋሪዎቹ አስቀድመው ሸሽተው ነበር ማለት ነው። ብዙው ጎብኚ ለፀሐይ መጥለቂያ ኢያ በምትባለው መንደር ጫፍ ላይ ይተፋፈጋል። ያንኑ ፀሐይ ከኢሜሮቪግሊ ያለ ግፊያ ማየት ይቻላል። ኢያን ራሷን ለማየት ጠዋት 1 ሰዓት ይሂዱ፤ ያን ጊዜ ደጃፋቸውን የሚያጥቡ ሰዎችና ድመቶች ብቻ ናቸው የሚገኙት። ከፊራ እስከ ኢያ በገደሉ አፋፍ የሚወስደው የእግር መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥላ የለውም፣ ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ ይያዙ። የቧንቧው ውኃ እዚያ ለመጠጥ አይሆንም፤ በአቴንስ ግን ይጠጣል።

ሚኮኖስን በተመለከተ ዋጋዋ ለብዙዎቻችን አይመከርም፤ ነገር ግን ከእሷ በጀልባ ግማሽ ሰዓት የምትርቀው ዴሎስ፣ የአፖሎ የትውልድ ቦታ ተብላ የተከበረችው ደሴት፣ ሊታለፍ የማይገባው ነው። ማደር የተከለከለባት፣ ዛፍ አልባ ደሴት ስለሆነች ኮፍያ ሳይዙ አይሂዱ። ከናክሶስም በበጋ የቀን ጉዞ ጀልባ ይገኛል።

ፍጥሞ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከፒሬዎስ የሚመጣው መርከብም በአብዛኛው የሚደርሰው በሌሊት ስለሆነ ማረፊያዎን አስቀድመው ይንገሩ። ቅዱስ ዮሐንስ ራእይን ያየበት ዋሻ ከወደቡ ወደ ላይኛው መንደር በሚወስደው መንገድ አጋማሽ ላይ ሲሆን፣ ከበላዩ በ1088 የተመሠረተው ገዳም እንደ ምሽግ ቆሟል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ግዴታ ነው፤ ነጠላ የያዘች እህት ችግር የለባትም። ቅዳሴ ላይ ከደረሱ «ኪሪዬ ኤሌይሶን» ሲባል ይሰማሉ፤ በሰሞነ ሕማማት «ኪርያላይሶን» እያልን የምንሰግድበት ያው ጸሎት ነው።

ሮድስን፣ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ሩድ የምትባለውን፣ እና ቀርጤስን ከሌላ ደሴት ጋር አይደርቡ። የሮድስ የተከለለው ከተማ ከ1309 እስከ 1522 የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ይዘውት የነበረ ነው፤ የመርከብ ጎብኚዎች ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ የፈረሰኞች ጎዳና ባዶ ይሆናል። ቀርጤስ ከጫፍ እስከ ጫፍ 260 ኪሎ ሜትር ስለሆነች አንድ ሳምንት ትፈልጋለች። በክኖሶስ የሚያዩት ቀይ ዓምድ ሁሉ ጥንታዊ አይደለም፤ ከ1900 ጀምሮ ቁፋሮውን የመራው አርተር ኤቫንስ በሲሚንቶ ያስጠገነው ብዙ ነው፤ እውነተኞቹ ሥዕሎችና ዕቃዎች ያሉት በሄራክሊዮን ሙዚየም ነው።

ስምንተኛ፦ ምግብ፣ ገንዘብና ቋንቋ

በጾም ለሚጓዝ ሰው ግሪክ ከብዙ የአውሮፓ አገሮች የተመቸች ናት፤ ሕዝቡ ጾም ያውቃል። «ኒስቲሲሞ» ብለው ቢጠይቁ የጾም ማለትዎ መሆኑ ይገባቸዋል። የሳንቶሪኒው ፋቫ ከቢጫ ክክ ተፈጭቶ በዘይትና በሽንኩርት የሚቀርብ ሲሆን ለእኛ ምላስ የቀረበ ነው፤ ጊጋንቴስ የሚሉት ትልልቅ ባቄላ በቲማቲም የተጋገረ፣ ሆርታ የተቀቀለ ቅጠል ነው። ነገር ግን እነሱ በጾማቸው ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ይበላሉ፤ ታራሞሳላታ የሚባለውም የዓሣ እንቁላል አለበት፤ ስለዚህ የባሕር ነገር እንዳይጨመር ለይተው ይናገሩ።

ዓሣ በኪሎ ስለሚሸጥ ከመጠበሱ በፊት እንዲመዘንና ዋጋው እንዲነገርዎት ይጠይቁ። ዳቦ ሳያዝዙ ይመጣል፣ ይታሰባልም። ደረሰኝ ካልተሰጠዎት የመክፈል ግዴታ እንደሌለብዎት በምግብ ዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ያገኙታል። በሆቴል ክፍያ ላይ የአየር ንብረት ክፍያ የሚባል ይጨመራል፤ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ለአንድ ክፍል በሌሊት እንደ ሆቴሉ ደረጃ ከ2 እስከ 15 ዩሮ ነውና በበጀትዎ ያስገቡት። በብዙ ማረፊያዎች የመጸዳጃ ወረቀት ወደ መቀመጫው ሳይሆን ወደ ቅርጫቱ ይጣላል፤ ቧንቧው ጠባብ ነው።

ፊደሉን ከመሄድዎ በፊት አንድ ሳምንት ቢለማመዱት መንገድ ላይ ይጠቅምዎታል። ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ የግእዝ ቁጥሮቻችን ፩፣ ፪ና ፫ የተገኙት ከግሪኮቹ አልፋ፣ ቤታና ጋማ ነው። የላቲኑን ፒ የሚመስለው ፊደል እንደ «ር»፣ ኤችን የሚመስለው እንደ «ኢ»፣ ኤክስን የሚመስለው እንደ «ኽ» ይነበባል። በየመንገዱ «ትራፔዛ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ቢያዩ የጠረጴዛ መሸጫ አይምሰልዎት፤ ባንክ ነው። ጠረጴዛ የሚለው ቃላችን ከዚያው የመጣ ሲሆን እነሱ የገንዘብ ለዋጮችን ጠረጴዛ ይዘው ባንክን በዚሁ ጠርተውታል። «ኔ» ማለት አዎ፣ «ኦኺ» ማለት አይደለም ነው፤ የእንግሊዝኛውን «ኖ» ያሰበ ሰው «ኔ» ሲባል ይሳሳታል። ለአደጋ 112 ይደውሉ።

ዘጠነኛ፦ የመመለሻው ቀን

የመጨረሻዋን ሌሊት በአቴንስ ማደር እንዳለብዎት ከላይ ተናግሬአለሁ። ያችን ማታ ሻንጣዎን ከሸከፉ በኋላ ወደ ሼንገን ከገቡበት ቀን ጀምረው ቆጥረው ከተፈቀደልዎት ቀን አለማለፍዎን ያረጋግጡ፤ በሼንገን አንዲት ቀን ማሳለፍ የሚቀጥለውን ቪዛ ያበላሻል። በአንድ ሱቅ ከ50 ዩሮ በላይ ገዝተው የቀረጥ ተመላሽ ቅጽ ከተቀበሉ፣ ሻንጣውን ከማስረከብዎ በፊት በአውሮፕላን ማረፊያው ጉምሩክ ያረጋግጡት። በረራዎ ሜትሮው በማይሠራበት ሌሊት ከሆነ ኤክስ95 የሚባለው አውቶቡስ ከሲንታግማ አደባባይ ሃያ አራት ሰዓት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይመላለሳል፤ ቲኬቱን ማታውኑ ገዝተው ያስቀምጡ።